ጎማው ሲቆም ኪሣራው የማን ነው?

ሰው እንጀራውን ለማግኘት አሠሪ ሲመርጥ አስቀድሞ የሚመለከተው የደመወዙን መጠን ነው። ይህም የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ቤት የሚቆመው፥ ልጅ የሚማረው፥ ወላጅ የሚጦረው በደመወዝ ነውና። ነገር ግን ደመወዝ በቃል ሲነገር ሌላ፥ በእጅ ሲቈጠር ሌላ የሚሆንበት የሥራ ዓይነት አለ። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በካሚዮን ጭነት የማመላለስ ሥራ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ከኢትዮጵያ ወጥተው በዚያ አገር ከሚኖሩት ወገኖች ብዙዎች፥ ቀድሞ ታክሲ ይነዱ ወይም መኪና ማቆሚያ ይጠብቁ የነበሩት ሳይቀሩ፥ ወደዚህ ሥራ ገብተዋል። የሥራው በር ሰፊ ነው፤ ረዥም የኮሌጅ ትምህርት አይጠይቅም፤ ጥቂት ሳምንታት ሠልጥኖ ፈተናውን ያለፈ ሰው ራሱን ከብዙ ማስታወቂያ መካከል ያገኘዋል። አንዱ ኩባንያ ለአንድ ማይል ይህን ያህል እከፍላለሁ ይላል፤ ሁለተኛው ሥራ ሲጀምር ጉርሻ እሰጣለሁ ይላል፤ ሦስተኛው የካሚዮን ባለቤት አደርግሃለሁ ይላል። አዲሱ ነጂም የቱን እንደሚመርጥ ሲቸግረው ወደ ዘመዱ፥ ወደ እድሩ ሽማግሌ፥ ወደ ንስሐ አባቱም ሄዶ ምክር ይጠይቃል። መካሪዎቹ ቅን ቢሆኑም የሥራውን ጠባይ ካላወቁ ምክራቸው «እግዚአብሔር ይርዳህ» ከማለት ብዙ አያልፍም። ስለዚህ የሥራውን ጠባይ ማወቅ ለነጂው ብቻ ሳይሆን ለመካሪውም ያስፈልጋል።

ዘመኑና ዕቃው ተለወጠ እንጂ ነገሩ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። የነጋዴ አጋሰስ ለመንዳት የሚዋዋል ሰው፥ ልብ ያለው ከሆነ፥ በጉዞው ቀን የሚከፈለውን ብቻ ጠይቆ አይቀርም። ወንዝ ሞልቶ ሲያግድ ስንቁ በማን ነው? አጋሰሱ ሲያነክስ፥ ኬላ ላይ ሦስት ቀን ሲቆም፥ የእነዚያን ቀኖች ድካም ማን ይቈጥረዋል? ብሎ ይጠይቃል። የካሚዮኑም ጥያቄ ይኸው ነው። ጎማው በሚሽከረከርበት ጊዜ ኩባንያዎች ሁሉ ደግ ይመስላሉ፤ አንዱ ከሌላው የሚለየው ጎማው ሲቆም ነው።

ይህን ለመረዳት አስቀድሞ የሰዓቱን ሕግ ማወቅ ተገቢ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ፥ ጭነት የሚያመላልስ ነጂ 10 ተከታታይ ሰዓት ካረፈ በኋላ 11 ሰዓት ለመንዳት ይፈቀድለታል፤ ነገር ግን እነዚህ 11 ሰዓታት ሥራ ከጀመረበት ደቂቃ አንሥቶ በሚቈጠር በ14 ሰዓት ውስጥ መጠናቀቅ አለባቸው። 8 ሰዓት ከነዳ በኋላ ግማሽ ሰዓት ከመንዳት ሳያቋርጥ ሊቀጥል አይችልም። ደግሞም እንደ ኩባንያው አሠራር በ7 ቀን 60፥ ወይም በ8 ቀን 70 የሥራ ሰዓት ከሞላ ዳግመኛ መንዳት ክልክል ነው። ቀድሞ ነጂዎች ሰዓታቸውን በወረቀት ይጽፉ ስለ ነበረ የሚቀንስም የሚጨምርም ነበረ፤ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ግን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ከሞተሩ ጋር የተያያዘ የኤሌክትሮኒክ መዝጋቢ መሣሪያ በአብዛኞቹ ካሚዮኖች ላይ ግዴታ ሆነ። መሣሪያውም አያዳላም፤ አይረሳምም።

እንግዲህ አንድ ነጂ ከጧቱ በ12 ሰዓት ሥራ ጀመረ እንበል። ሁለት ሰዓት ነድቶ በ2 ሰዓት ከአንድ መጋዘን ደረሰ። የመጋዘኑ ሰዎች ተራህ አልደረሰም ብለው እስከ ቀኑ 8 ሰዓት አቆሙት። ሲለቁት ከ11ዱ የመንጃ ሰዓት ገና 9 ይቀረዋል፤ ነገር ግን የ14ቱ ሰዓት ገደብ ምሽት በ2 ሰዓት ስለሚያልቅ ሊነዳ የሚችለው 6 ሰዓት ብቻ ነው። በሕግ በተወሰነው አኳኋን ዕረፍቱን ከፍሎ በካሚዮኑ መኝታ ካላሳለፈ በቀር ሰዓቱ አይጠብቀውም። ስለዚህ ነጂው የስድስት ሰዓት ቀን ከማቃጠሉ ሌላ የሦስት ሰዓት መንገድ ተቀነሰበት፤ በሰዓት 55 ማይል ቢታሰብ 165 ማይል ማለት ነው። ክፍያው በማይል ከሆነ፥ ያልተነዳ ማይል የተነጠቀ እንጀራ ነው። ኩባንያው ከጭነቱ ባለቤት የማቆያ ገንዘብ የሚጠይቀው በልማድ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት በኋላ ነው፤ ከተቀበለውም ለነጂው የሚያካፍለው እንደየውሉ ነው፤ አንዳንዱ ያካፍላል፥ አንዳንዱ ምንም አያካፍልም።

የትርፍ ሰዓት ክፍያም ቢሆን መጠጊያ አይሆንም። የአሜሪካ የሥራ ደመወዝ ሕግ በ1938 ሲወጣ ለሌላው ሠራተኛ ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራው አንድ ተኩል እጥፍ እንዲከፈለው ሲያዝዝ፥ ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ጭነት የሚያመላልሱትን ነጂዎች ከዚህ ክፍያ ለይቶ አስቀርቷቸዋል። ስለዚህ ለቆመበት ሰዓት የሚከፈለው ነገር በአብዛኛው የሚወሰነው በሕግ ሳይሆን በውል ነው። ውሉን ያላነበበ ነጂ ቢጐዳ ማንን ሊወቅስ ይችላል?

በማስታወቂያው ላይ ያለው የማይል ዋጋም ለብቻው ብዙ አይናገርም። ለምሳሌ አንዱ ኩባንያ ለማይል 60 ሳንቲም፥ ሌላው 50 ሳንቲም ይከፍላሉ እንበል። የመጀመሪያው ጭነት እያጣ ነጂውን በሳምንት 1,800 ማይል ብቻ ቢያስነዳው የሚያገኘው 1,080 ዶላር ነው፤ ሁለተኛው ሥራውን አሳክቶ 2,400 ማይል ቢያስነዳው 1,200 ዶላር ያገኛል። ዋጋው ያነሰው ኩባንያ በለጠ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ማይሉ ራሱ በምን እንደሚለካ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ኩባንያዎች የሚከፍሉት መኪናው በእርግጥ በሄደበት መንገድ ልክ ሳይሆን፥ ከከተማ እስከ ከተማ አጭር ተብሎ በመዝገብ በተጻፈው ርቀት ነው። ጭነት ሳይዝ ባዶውን የሄደበትም መንገድ ተቈጥሮ እንደ ሆነ አልተቈጠረም እንደ ሆነ መለየት አለበት።

ይህ ሁሉ ልዩነት እንዴት መጣ ቢባል፥ ከ1935 ጀምሮ መንግሥት ኩባንያዎቹ የሚሄዱበትን መስመርና የሚያስከፍሉትን ዋጋ ይቈጣጠር ነበር። በ1980 በፕሬዚዳንት ካርተር ዘመን የወጣው ሕግ ይህን ቍጥጥር አላላው። ከዚያ ወዲህ እጅግ ብዙ ትንንሽ ኩባንያዎች ወደ ንግዱ ገቡ፤ የጭነት ዋጋ በውድድር ረከሰ፤ የሠራተኞቹም ማኅበር ቀድሞ የነበረው ኃይል ደከመ። ለገበያተኛው ዕቃ ቢረክስለትም፥ የረከሰው ዋጋ ክፍል ከነጂው ሰዓት ላይ የተወሰደ ነው። ረዥም መንገድ በሚያስነዱት ታላላቅ ኩባንያዎች ዘንድ በየዓመቱ ሥራቸውን የሚለቁት ነጂዎች ብዛት ለብዙ ዓመታት ከመቶ 90 ገደማ ሲደርስ መታየቱ የዚህ ምልክት ነው። ወንበሩን የሚሞላ አዲስ ሰው ዘወትር ስለሚያስፈልግ ማስታወቂያው አያቋርጥም። ስለዚህ አዲስ ነጂ ብዙ ሲጠራ ክብሩ በዛ ብሎ ከመደሰቱ በፊት፥ ከእርሱ በፊት በዚያ ወንበር የተቀመጠው ሰው ለምን ተነሣ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

የመጀመሪያው የኪሣራ በር የሥልጠናው ውል ነው። ከየካቲት 2022 ጀምሮ ለከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ የሚፈተን አዲስ ሰው በፌዴራል መዝገብ ከገባ አሠልጣኝ ዘንድ መማር ግዴታው ሆኗል፤ ነገር ግን ደንቡ የመማሪያውን ሰዓት ብዛት አልወሰነም፤ ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ገንዘብ ያለው በራሱ ከፍሎ ይማራል፤ የሌለው ኩባንያ ያስተምረዋል። ኩባንያው ሲያስተምረው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ያህል እንዲያገለግለው ያስፈርመዋል፤ ቀኑ ሳይሞላ ቢለቅ የትምህርቱ ዋጋ ዕዳ ይሆንበታል። ይህ ራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ድኻው ሙያ የሚያገኝበት መንገድ ነው። ክፉ የሚሆነው ዕዳው ስንት እንደ ሆነ፥ በየወሩ እየተቀነሰ የሚሄድ እንደ ሆነ ወይም እስከ መጨረሻው ቀን ሙሉውን የሚቆይ እንደ ሆነ ሳይታወቅ ሲፈረም ነው። በንዴት ካሚዮኑን በመንገድ ጥሎ የሄደ ነጂም ዕዳው ብቻ ሳይሆን ስሙ ይከተለዋል፤ የሚቀጥለው አሠሪ ያለፈውን ይጠይቃልና። በቅሎ ገመዷን በጠሰች፥ በራሷ አሳጠረች እንደ ተባለው ነው።

ሁለተኛው ምርጫ ኩባንያውን ከመረጡ በኋላ የሚመጣው የምድቡ ምርጫ ነው። አንድ ኩባንያ ብዙ ዓይነት ምድብ ሊኖረው ይችላል፤ ስሙ አንድ ቢሆንም ኑሮው አንድ አይደለም። አብዛኛው አዲስ ነጂ የሚጀምረው ባለ 53 ጫማ ዝግ ሣጥን ተሳቢ በመጐተት ነው፤ ጭነቱን የመጋዘን ሰዎች ይጭኑታል፥ ያወርዱታል፤ የነጂው ዋና ሥራ መንዳትና ወደ ኋላ ማስጠጋት ነው። የተጫነ ተሳቢ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅበት፥ ባዶውን ጥሎ ሙሉውን ይዞ የሚኬድበት አሠራር ካለ የመቆሚያው ሰዓት በጣም ያንሳል፤ ስለዚህ ይህን መጠየቅ ከጉርሻው ብዛት ይልቅ ይጠቅማል።

ማቀዝቀዣ ያለው ተሳቢ ሥጋ፥ ፍራፍሬና ወተት ያመላልሳል። ሰው መብላቱን ስለማይተው ሥራው በክረምትም በበጋም አይጠፋም፤ ነገር ግን የምግብ መጋዘኖችና የሥጋ ፋብሪካዎች ረዥም ሰዓት በማስቆም የታወቁ ናቸው፤ ቀጠሮውም ብዙ ጊዜ በሌሊት ነው፤ የማቀዝቀዣው ሞተር ከነጂው መኝታ ጀርባ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል። ግድግዳ የሌለው ጠፍጣፋ ተሳቢ ብረት፥ እንጨትና መሣሪያ ይጭናል፤ በዚህ ምድብ ነጂው በሰንሰለትና በጠፍር ጭነቱን ያስራል፥ በነፋስም በበረዶም ከባድ ሸራ ያለብሳል፤ ክፍያው ሻል ሊል ይችላል፥ ጕልበቱና የመውደቅ አደጋው ግን አብሮ ይቈጠራል። ቦቴ የሚነዳ ነጂ ደግሞ ፈሳሹ በፍሬን ጊዜ ወደ ፊት እየተገፋ መኪናውን እንደሚያናውጠው ማወቅ አለበት፤ ተጨማሪ ፈተናም ይፈተናል። ጭነቱ ሁሉ ተደምሮ አንድ ሙሉ ካሚዮን በአገር አቋራጩ ጐዳና በመደበኛ ፈቃድ እስከ 80,000 ፓውንድ፥ ማለት ወደ 363 ኩንታል ሊመዝን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያ ዓመቱን በቀላሉ ምድብ ተለማምዶ ወደ ከባዱ የሚያልፍ ሰው እንደ ፈሪ ሊቈጠር አይገባም።

ከጭነቱ ዓይነት ይልቅ ለቤተ ሰብ የሚከብደው ግን የመንገዱ ርዝመት ነው። አገር አቋራጭ የሚነዳ ሰው ሦስትና አራት ሳምንት ከቤቱ ርቆ፥ በካሚዮኑ መኝታ እያደረ ይከርማል። በአንድ አውራጃ ዙሪያ የሚነዳው በየሳምንቱ መጨረሻ ይመለሳል፤ ለአንድ ደንበኛ ብቻ በተመደበ ክፍል የሚሠራው መንገዱንና ቀኑን አስቀድሞ ያውቃል፤ በከተማ ውስጥና ከወደብ ወይም ከባቡር ጣቢያ ዕቃ የሚያነሣው ማታ ማታ ከልጆቹ ጋር ይበላል። ጥቃቅን ጭነት እየሰበሰቡ የሚያከፋፍሉ ኩባንያዎች ደግሞ ሌሊት ከጣቢያ ወደ ጣቢያ አስነድተው ጧት ወደ ቤት የሚመልሱት ነጂ አላቸው፤ ከእነርሱም በሰዓት የሚከፍሉ አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ልምድ ያለውን ይመርጣሉ። በሁለት ነጂ የሚሄደው ካሚዮን ደግሞ አንዱ ሲተኛ ሌላው ስለሚነዳ ብዙ ማይል ያገኛል፤ ነገር ግን በሚናወጥ መኝታ እንቅልፍ ማግኘት ለሁሉ የተሰጠ አይደለም።

በዚህ ነገር የንስሐ አባት ምክር ትልቅ ቦታ አለው። በዓመት ውስጥ አብዛኛውን እሑድ በመንገድ የሚያሳልፍ፥ የልጁን ክርስትና በስልክ የሚሰማ፥ ሚስቱን በወር አንድ ጊዜ የሚያይ ሰው የሚያገኘው ገንዘብ ቤቱን ሊሠራው እንደሚችል ሁሉ ሊያፈርሰውም ይችላል። ስለዚህ «በየስንት ቀኑ ወደ ቤት እመለሳለሁ? የተባለው ቀን ቢያልፍስ ምን ይደረግልኛል?» የሚለው ጥያቄ የሥጋ ብቻ ሳይሆን የትዳርም ጥያቄ ነው። ላላገባውና ዕዳ ለሌለበት ጐልማሳ አንድ ዓመት አገር አቋርጦ መንዳት ትምህርት ይሆነዋል፤ ለአራስ አባት ግን ያው ምርጫ ስሕተት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚብሰው የኪሣራ በር «የካሚዮን ባለቤት አደርግሃለሁ» የሚለው ነው። ይህ ውል ነጂው ካሚዮኑን ከኩባንያው ተከራይቶ፥ በየሳምንቱ ከገቢው እየተቈረጠ፥ በመጨረሻ የራሱ እንዲያደርገው የሚያደርግ ነው። በወረቀቱ ላይ ነጂው ሠራተኛ መሆኑ ቀርቶ ነጋዴ ይባላል። ነጋዴ ከተባለ ዘንድ ነዳጁ፥ ኢንሹራንሱ፥ ጥገናው፥ ጎማው በእርሱ ላይ ይወድቃል፤ ጭነቱን የሚሰጠው ግን ያው ያከራየው ኩባንያ ነው። ጭነት ቢጠፋ ኪራዩ አይጠፋም፤ ሞተሩ ቢሰበር ኪራዩ አይቆምም። ጎማው ሲቆም ኪሣራው በሙሉ የነጂው ነው። ነጂው ሳይከፍል ቢቀር ካሚዮኑ ይመለስና ለሌላ አዲስ ሰው ይከራያል፤ ቀድሞ የተከፈለው ገንዘብ ግን አይመለስም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለትምህርት ቤት ተማሪ ብቻ አይደለም፤ የአንድ ዓመት ወጪና ገቢ ያላየ ነጂም ባለቤት ለመባል ቢቸኩል ያው ነው።

ነገሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። አንድ ነጂ ታላቅ የጭነት ኩባንያን ሲከስስ፥ በሥልጠና ስም 10,000 ማይል ያለ ደመወዝ እንደ ነዳ፥ በኋላም ተከራይ ነጋዴ ተብሎ ተቈራጩ ከገቢው እየበለጠ ባለ ዕዳ የሆነባቸው ሳምንታት እንደ ነበሩ ገለጠ። ኩባንያው፥ ውሉ ክርክሩን ከፍርድ ቤት ውጭ በግልግል እንድንጨርስ ያስገድዳል ብሎ ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥር 2019 በአንድ ድምፅ ሲወስን፥ በውሉ ላይ ነጋዴ ተብሎ ቢጻፍም እንኳ የመጓጓዣ ሠራተኞችን ከግዴታ ግልግል ነጻ የሚያደርገው የ1925 ሕግ ይህን ሰው ይመለከተዋል አለ። ቈይቶም በ2021 በወጣ ሕግ መሠረት የተቋቋመው የካሚዮን ኪራይ መርማሪ ጓድ በጥር 2025 ባቀረበው ሪፖርት፥ እንዲህ ያለው የኪራይና የግዢ ውል በሕግ እንዲከለከል የምክር ቤቱን አባሎች አሳሰበ። የመንግሥት መርማሪዎች እንዲህ ካሉ፥ ገና የጀመረ ነጂ ከዚህ ውል መራቁ ፍርሃት ሳይሆን ማስተዋል ነው። የራሱን ካሚዮን ለመያዝ የሚሻ ሰው ሙያውን ተምሮ፥ በእቁብም ይሁን በቍጠባ ገንዘቡን አጠራቅሞ፥ ከአሠሪው ሳይሆን ከገበያ ቢገዛ ይሻለዋል።

ኪሣራ የተባለው ሁልጊዜ ገንዘብ አይደለም፤ ሕይወትም ይሆናል። በጥር 2009 በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት አንድ ነጂ በሌሊት ብርድ የተሳቢው ፍሬን በረዶ ሆኖ ተያዘበት። የካሚዮኑ ማሞቂያ አይሠራም ነበር። ጠጋኝ እንዲላክለት ጠይቆ ለብዙ ሰዓት ቈየ፤ እግሮቹ ደነዘዙ። የኩባንያው አዛዥ ወይ ፍሬኑ የተያዘውን ተሳቢ እየጐተተ እንዲሄድ፥ ወይ ከዚያው እንዲቆይ ነገረው። ነጂው ነፍሱን ለማዳን ተሳቢውን ፈትቶ በካሚዮኑ ሄደ፤ ኋላም ተመለሰ። ስለዚህ ነገር ከሥራ ተባረረ። የሥራ ሚኒስቴር ፈረደለት፤ በ2016ም የይግባኝ ፍርድ ቤት ከሦስቱ ዳኞች በሁለቱ ድምፅ ፍርዱን አጸና። በሐሳብ የተለዩት ዳኛ ኒል ጎርሰች፥ ሕጉ የሚጠብቀው አልነዳም ያለውን እንጂ ከትእዛዝ ውጭ የነዳውን አይደለም አሉ፤ እኚሁ ዳኛ በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት አባል ሆነው፥ ከላይ የተነገረውን የ2019 ፍርድ ለነጂው የጻፉት ናቸው። ከሁለቱ ነገሮች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ሕግ የሚረዳው ቃሉን የሚያውቀውንና ማስረጃ የያዘውን ነው።

ቃሉም ይህ ነው፤ በ1982 የወጣው ሕግ ደኅንነት የጐደለውን መኪና ወይም ደንብ የሚያስጥሰውን ጉዞ አልነዳም ያለ ነጂ እንዳይባረር ይጠብቃል። ከ2016 ጀምሮም ኩባንያ ብቻ ሳይሆን ጭነት ላኪ፥ ተቀባይና ደላላ ጭምር ነጂውን የሰዓቱን ደንብ እንዲጥስ ማስገደድ ተከልክሏል። ስለዚህ ደክሞኛል ወይም ፍሬኑ አይሠራም የሚለውን ቃል ነጂው በአፍ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ማሳወቅ ይኖርበታል።

ይሁን እንጂ ተጣልቶ ከመርታት ሳይጣሉ መምረጥ ይሻላል። በካሚዮኑ በር ላይ የኩባንያው የመንግሥት መዝገብ ቍጥር ተጽፎ ይታያል። በዚያ ቍጥር የፌዴራሉን የመኪና ደኅንነት አስተዳደር መዝገብ የከፈተ ማንም ሰው፥ ኩባንያው ስንት ካሚዮንና ነጂ እንዳለው፥ በመንገድ ምርመራ ስንት ጊዜ ካሚዮኖቹ በጕድለት ምክንያት እንዲቆሙ እንደ ተደረገ፥ ምን ያህል አደጋ እንደ ተመዘገበበት ያለ ክፍያ ለማየት ይችላል። ፍሬንና ጎማ ደጋግሞ የተጓደለበት ኩባንያ ጥገናውን የሚቈጥበው በነጂው ሕይወት ነው። ይህን ለማየት አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ ብዙ ሰው ግን በቅሎ ሲገዛ ጥርሷን የሚያየውን ያህል እንኳ አሠሪውን አይመረምርም።

የኩባንያው ትልቅነትም ዋስትና አይሆንም። በታኅሣሥ 2019 ሴላዶን የተባለው የታወቀ ኩባንያ ኪሣራውን ሲያስታውቅ ከ3,000 በላይ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ፤ በየመንገዱ የነበሩ ነጂዎችም የነዳጅ መግዣ ካርዳቸው አልሠራ ብሎ ተቸገሩ። በ2023 ክረምት ደግሞ ለመቶ ዓመት ገደማ የኖረው የሎው ኩባንያ ሲዘጋ 30,000 ያህል ሰው ሥራ አጥ ሆነ። ስለዚህ ነጂ በማናቸውም ጊዜ ወደ ቤቱ የሚመለስበት የአውቶቡስ ዋጋና የጥቂት ሳምንት ቀለብ ከደመወዙ ለይቶ ማስቀመጥ አለበት።

ለስደተኛው ደግሞ ሌላ የሚጠነቀቅበት ነገር አለ። የፌዴራሉ ደንብ ነጂው የመንገድ ምልክት ለማንበብ፥ ለፖሊስ ጥያቄ ለመመለስና ሪፖርቱን ለመጻፍ የሚበቃ እንግሊዝኛ እንዲያውቅ ያዛል። ይህ ትእዛዝ ለጥቂት ዓመታት ላልቶ ከቈየ በኋላ፥ ከሰኔ 2025 ጀምሮ በመንገድ ምርመራ ያልቻለው ነጂ እዚያው እንዲቆም የሚያደርግ ሆኗል። በመስከረም 2025ም መንግሥት ቋሚ ነዋሪ ላልሆኑ ሰዎች የሚሰጠውን የከባድ መኪና ፈቃድ የሚያጠብ ደንብ አውጥቶ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ደርሷል። ስለዚህ የሥልጠና ዕዳ ከመፈረሙ በፊት በመኖሪያ ወረቀቱ ፈቃዱን ሊያገኝና ሊያሳድስ እንደሚችል የክፍለ ግዛቱን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይገባዋል። ፈቃድ የሌለው ሰው ዕዳ ብቻ ይዞ እንዳይቀር ነው።

እንግዲህ መካሪ የሆነ ሰው አዲሱን ነጂ ምን እንዲጠይቅ ያድርገው? መጋዘን ውስጥ ስቆም ከስንተኛው ሰዓት ጀምሮ ስንት ይከፈለኛል? ካሚዮኑ ሲሰበር የቀን አበል አለ ወይ፥ ማደሪያውስ በማን ነው? ያለፉት ሦስት ወራት አዲስ ነጂዎች በአማካይ በሳምንት ስንት ማይል ነዱ? አሠልጣኜ ራሱ ስንት ዓመት የነዳ ነው፥ እኔ ስነዳ እርሱ ይተኛል ወይስ አጠገቤ ይቀመጣል? የሥልጠናው ዕዳ በየወሩ ይቀንሳል ወይ? በረዶ ሲጥል መቆም የሚፈቅድ ማን ነው፥ እኔ ወይስ የስምሪቱ ሹም? ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ የሚሰጥ ኩባንያ ዋጋው ጥቂት ቢያንስ እንኳ ይመረጣል። «እርሱን ከመጣህ በኋላ እናያለን» የሚል ግን መልሱን ሰጥቷል ማለት ነው። ከቀጣሪው ጸሐፊ ይልቅም በነዳጅ ማደያ ያገኙትን የዚያኑ ኩባንያ ነጂ መጠየቅ እውነቱን ቶሎ ያስገኛል።

ነገሩ የሩቅ አገር ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በጋላፊ በኩል ወደ መካከለኛው አገር ጭነት የሚያመጣው ነጂም ወደብ ላይ ይቆማል፥ ኬላ ላይ ይቆማል፥ በአፋር በረሃ ፀሐይ ጎማ ፈንድቶ ይቆማል። የቆመበት ቀን ኪሣራ በእርሱ ላይ ብቻ እንዲወድቅ የተጻፈ ውል፥ ያንን ቀን በፍጥነትና በእንቅልፍ እጦት እንዲያካክሰው ያስገድደዋል፤ የደከመው ነጂ የሚያደርሰው አደጋም ለውሉ ፈራሚዎች ብቻ አይተርፍም፤ በመንገዱ ዳር ለሚሄደው እግረኛና ከፊቱ ለሚመጣው አውቶቡስ ይደርሳል። ስለዚህ ውል የሚያጸድቁና የሥራ ደንብ የሚያወጡ ባለሥልጣኖች የነጂውን የመቆሚያ ሰዓት እንደ ከንቱ ሰዓት ባይቈጥሩት ለመንገዱ ሰላም ይበጃል። ምክር የሚጠየቁ አባቶችና ሽማግሌዎችም ጐልማሳውን «ስንት ይከፍሉሃል?» ብለው ከመጠየቃቸው አስቀድመው «በቆምህበት ቀንስ?» ብለው ይጠይቁት።